ጠርዙን ኮርጀን ወለሉን ረሳነው፦ ስለ ሪዞርት መዋኛ ገንዳዎች ንድፍ

ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም። ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ አናት ላይ የተዘረጋ ገንዳ፣ ጠርዙ ላይ ክንዱን ያስደገፈ ሰው፣ ከእሱ ወዲያ ደግሞ ምንም የለም፤ ከተማው ብቻ፣ ያውም ከሥሩ። ውሃው ጠርዙን አልፎ ወዴት እንደሚሄድ አይታይም። ሲንጋፖር የሚገኘው የማሪና ቤይ ሳንድስ ሪዞርት ገንዳ ነው። ጠርዝ አልባ ገንዳ ከሱ በፊትም ነበር፤ ዓለም ሁሉ እንዲመኘው ያደረገው ግን እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው ይህ ገንዳ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

እኛም ጋ ደርሷል። ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ ዳር አዲስ ሪዞርት ሊሠራ ነው ሲባል መጀመሪያ የሚለቀቀው የኮምፒውተር ሥዕል (በሠፈር ቋንቋ «ስሪዲው») ላይ ገንዳው ከሐይቁ ጋር የተጋጠመ መስሎ ይታያል። ፀሐይ እየጠለቀች ነው፣ ውሃው ወርቅ መስሏል፣ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታን አድማሱን ታያለች። ቆንጆ ነው። ቆንጆ አይደለም የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ከሲንጋፖሩ ገንዳ የቀዳነው የትኛውን ክፍል ነው? ደግሞስ መቀዳት የነበረበት የቱ ነው?

እስቲ ዋናውን እንየው። ገንዳው 150 ሜትር ይረዝማል። ያለው እያንዳንዳቸው 55 ፎቅ ያላቸውን ሦስት ማማዎች በሚያገናኝ፣ መርከብ በሚመስል መድረክ ላይ፣ ከመሬት 200 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። አርክቴክቱ ሞሼ ሳፍዲ ነው። የሚይዘው ውሃ 1,424 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ስለሚመዝን፣ ሕንፃው አናቱ ላይ 1,424 ቶን ተሸክሟል ማለት ነው። አንድ ቪትዝ መኪና አንድ ቶን ገደማ ናት። ስለዚህ ከ1,400 በላይ ቪትዞችን ጣሪያ ላይ ደርድራችሁ አስቡት። ያውም ዝም ብለው የማይቆሙ፣ የሚፈስሱ ቪትዞች።

ረጅም ሕንፃ በነፋስ ይወዛወዛል። ሦስት ማማዎች ደግሞ እንደ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እኩል አይወዛወዙም። አንዱ ወደ ግራ ሲያጋድል ሌላው ወደ ቀኝ ሊያጋድል ይችላል። በላያቸው አንድ ወጥ ገንዳ ብትዘረጉ መሰንጠቁ አይቀርም። መሐንዲሶቹ ታዲያ ከገንዳው ሥር አራት የመንቀሳቀሻ መገጣጠሚያዎችን አስገቡ፤ እያንዳንዳቸው እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ድረስ መላወስ ይችላሉ። የገንዳው ገላ ከሲሚንቶ ሳይሆን 190 ቶን ገደማ ከሚመዝን የማይዝግ ብረት ተሠራ። ሥፍራው ከባሕር በሙሌት የተገኘ መሬት ስለሆነ ማማዎቹ ከጊዜ በኋላ እኩል ባይሰጥሙስ? ለዚህም ከገንዳው ሥር ከፍና ዝቅ የሚደረጉ እግሮች አሉ፤ እንደ መኪና ክሪክ ናቸው። አጋድሎ የተቀመጠ ሳህን ላይ ወጥ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፦ ውሃው ከጠርዙ በሙሉ እኩል እንዲፈስ ጠርዙ ልኩን መጠበቅ አለበት፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ካጋደለ አንደኛው ጫፍ ይደርቃል። ይህን ሁሉ ፎቶው አያሳይም። በእኔ ግምት የገንዳው እውነተኛ ውበት እዚህ ነው ያለው።

አሁን አንድ ቁጥር ልጨምር። የገንዳው ጥልቀት 1.20 ሜትር ነው። በቃ። ከዳር እስከ ዳር አዋቂ ሰው ቆሞ ደረቱ ድረስ የሚደርስ ውሃ ነው።

ጎበዝ ዋናተኛ ይህን ሲሰማ ይስቃል። «እንዴ፣ ታዲያ ምኑን ገንዳ ሆነ?» ይላል። እውነቱን ነው፤ ብዙው ሰው እዚያ የሚሄደው ሊዋኝ ሳይሆን ቆሞ ሊያይና ሊነሳ ነው። ለምን 1.20 እንደተመረጠ ለመገመት ግን ነቢይ መሆን አያሻም። ጥልቀቱን እጥፍ ብታደርጉት ክብደቱም እጥፍ ይሆናል፤ ወደ 2,850 ቶን። ከክብደቱ በላይ ግን ንድፉ እንግዳውን በሐቀኝነት አይቶታል። ሰው የሚመጣው ለመቆም ከሆነ የሚቆምበት ወለል ስጡት ነው ነገሩ። እኔ የዚህ ገንዳ ምርጥ ውሳኔ ጠርዙ ሳይሆን ይህ ነው እላለሁ። ሲቀዳ የተተወውም ይኸው ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደማጠብቀው ላስረዳ። አገራችን ውስጥ ሪዞርት ከሚሄደው ሰው ውስጥ ስንቱ ዋና ይችላል? ቤተሰባችሁን ቁጠሩ፣ የክፍል ጓደኞቻችሁን ቁጠሩ። አብዛኞቻችን ያደግነው ደጋ ላይ፣ ገንዳም የዋና ትምህርትም በሌለበት ነው። ሠርግ፣ ልደት ወይም የመሥሪያ ቤት ሽርሽር ሲኖር ነው ውሃ ውስጥ የምንገባው፣ ብዙ ጊዜም በቡድን፣ በሳቅ፣ እየተገፋፋን። እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነት እንግዳ የሚሠራ ገንዳ የመጀመሪያ ጥያቄው «ከጠርዙ ምን ይታያል?» ሊሆን አይችልም። «የማይዋኝ ሰው እግር ምን ይረግጣል?» ነው መሆን ያለበት።

እዚህ ላይ አርኪሜደስን እንጥራው። ውሃ ውስጥ ስትገቡ፣ ሰውነታችሁ የገፋውን ውሃ ክብደት ያህል ውሃው መልሶ ወደ ላይ ይገፋችኋል። ወገብ ድረስ ስትገቡ እግራችሁ ላይ የሚያርፈው ክብደት ግማሽ ያህል ይሆናል። ደረት ድረስ ከሆነ ሲሶ ወይም ሩብ። አንገት ድረስ ስትደርሱ ግን አንድ አሥረኛ ብቻ ይቀራል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንገቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ሲቆም ወለሉን የሚረግጠው እንደ 6 ኪሎ ዕቃ ነው።

ደስ ይላል አይደል? ቀለል ይላል። ችግሩ መራመድ የምንችለው በሰበቃ ነው፤ ሰበቃ ደግሞ ወለሉን በምንጫንበት ልክ ነው የሚገኘው። ክብደቱ አንድ አሥረኛ ሲሆን የእግራችሁ መያዝም አንድ አሥረኛ ይሆናል። አሁን ወለሉ ወደ ጥልቁ የሚያዘቀዝቅ ይሁን፤ ሴራሚኩም የሚያንሸራትት ይሁን። ዋና የማይችል ልጅ ደረቱ ድረስ በሰላም ሄደ። ሁለት እርምጃ ጨመረ። አንገቱ ጋ ደረሰ። ሊመለስ ዞረ፤ እግሩ ግን አይዝም፣ ቁልቁል ይንሸራተታል። ያን ያህል ጥልቅ ባልሆነ ውሃ፣ ከዳሩ ሁለት ሜትር ባልራቀ ቦታ ሰው እንዴት ይሰጥማል ብላችሁ ገርሟችሁ ከሆነ አንደኛው መንገድ ይህ ነው። መስጠም ደግሞ ፊልም ላይ እንደምናየው ጩኸትና እጅ ማወናጨፍ የለውም። አፉ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው አየር እንጂ ድምፅ ለማውጣት ጊዜ የለውም። ብዙ ጊዜ በዝምታ ነው የሚያልቀው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ሩብ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

ስለዚህ ዳገትና ቁልቁለቱ የንድፍ ጉዳይ ነው እንጂ የግንበኛ ምርጫ አይደለም። ሰው በሚቆምበት ክፍል 12 ሜትር ሲሄዱ ከ1 ሜትር በላይ የማይወርድ ወለል የተለመደ ልክ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ ከ1.20 በድንገት ወደ 2 ሜትር የሚሰበር ወለል ግን ወጥመድ ነው። ዋናተኛ እንግዳ ከመጣስ? ጥልቁ ክፍል ለብቻው፣ በግድግዳ ተለይቶ ይሠራለት። አንዱ ከሌላው ጋር በቁልቁለት መገናኘት የለበትም።

ዓይናችንም ያታልለናል። አንድ ሙከራ ሥሩ፦ ሲኒ ውስጥ ሳንቲም አስቀምጡ፣ ሳንቲሙ በሲኒው ከንፈር እስኪሸፈን ድረስ ወደ ኋላ ራቁ፣ ከዚያ ጓደኛችሁ ቀስ ብሎ ውሃ ይጨምርበት። ሳንቲሙ ከፍ ብሎ ብቅ ይላል። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍ ነው። ቀጥ ብላችሁ ከላይ ብታዩት እንኳ የገንዳ ጥልቀት በሩብ ያህል ቀንሶ ይታያል፤ በጎን ስታዩት ደግሞ ይብስ። 1.60 ሜትር የሆነ ውሃ 1.20 ይመስላል። ቁመቱ 1.40 የሆነ ልጅ ዳር ቆሞ ያያል፣ «ይደርሰኛል» ይላል፣ ይዘላል። ልጁን አትቆጡት፤ ፊዚክሱ ነው ያሳሳተው። ጥልቀቱን በትልቁ፣ ዳሩ ላይም ግድግዳው ላይም መጻፍ ከጥቂት ቀለም በላይ ወጪ የለውም፤ ቆንጆውን ሥዕል ያበላሻል ተብሎ ግን ይቀራል።

ከውበቱ ጋር የሚጣላ ሌላም አለ፤ የሴራሚኩ ቀለም። ጠርዝ አልባ ገንዳ ከሐይቁ ጋር ተዋሕዶ እንዲታይ ወለሉን ጥቁር ሰማያዊ ወይም ግራጫ ማድረግ ፋሽን ነው፤ ወለሉ ሲጠቁር የውሃው ገጽ መስታወት ይሆናልና። ይህ ማለት ግን ከሥር ያለ ሰው አይታይም ማለት ነው። ነፍስ አድን ሠራተኛው የሚያየው ደመና ነው። ነጭ ወይም ፈዛዛ ሰማያዊ ወለል ላይ ግን የልጅ ጥቁር ፀጉር ከሩቅ ይለያል።

ወደ ፀሐይ ስትጠልቅ ትዕይንት እንምጣ፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ውሃ ላይ ቀጥ ብሎ ከሚያርፍ ብርሃን 2 በመቶው ብቻ ነው የሚንጸባረቀው፤ የቀረው ገብቶ ወለሉን ያሳየናል። ፀሐይ ከአድማስ 10 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስትል ግን ሲሶው ተንጸባርቆ ወደ ዓይናችን ይመጣል፤ ዝቅ ባለች ቁጥርም ይጨምራል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው የገንዳውን ውስጥ አያይም። ያን ሰዓት ደግሞ ልጆች ውሃ ውስጥ የሚበዙበት ነው። ጠባቂው ታዲያ የት ይቀመጥ? በምዕራብ በኩል፣ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ። ጥሩ፤ ግን በምዕራብ በኩል ምን አለ? ጠርዝ የሌለው ጠርዝ! ወንበር የሚቀመጥበት፣ ሮጦ የሚደረስበት መራመጃ የለም። ለፎቶው ሲባል የተወገደው ዳር ጠባቂው ሊኖርበት የሚገባው ዳር ሆኖ ያርፈዋል። ሠዓሊው ይህን ላያውቅ ይችላል፤ ፈቃድ ሰጪው ግን ማወቅ አለበት።

የወለሉን ነገር ሳልጨርስ ስለ ማፍሰሻው አንድ ነገር። ፓምፑ ውሃ የሚስበው ወለሉ ላይ ባለ ቀዳዳ ነው እንበል፤ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር። የልጅ ጀርባ ቢከድነውና ፓምፑ በመሳብ ግፊቱን ከከባቢ አየር ግፊት ሲሶ ባነሰ ቢቀንሰው እንኳ፣ ልጁን የሚይዘው ኃይል 120 ኪሎ ከማንሳት ጋር እኩል ነው። ይህ ተረት አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ማፍሰሻ ክዳን ሕግ ያወጣችው አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ በዚህ መንገድ ከሞተች በኋላ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት ማፍሰሻዎችና ጉብ ያለ፣ ሊከደን የማይችል ክዳን።

ጠርዙ እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ ማወቅ ደስ ይላል፤ ምሥጢሩ ትንሽ ነው። በአንድ በኩል ያለው ግድግዳ ከውሃው ደረጃ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ውሃው በስሱ ይፈስበታል፣ ከታች የተደበቀ ቦይ ይቀበለዋል፣ ከዚያ ወደ ማመጣጠኛ ታንከር ይገባል፣ ፓምፕ ያነሳዋል፣ ማጣሪያ ያልፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ዙሪያ ጥምጥም ነው። አሁን 200 ሜትር ካሬ ስፋት ባለው ገንዳ ውስጥ 50 ሠርገኞች አንዴ ገቡ እንበል። እያንዳንዱ ቆሞ 45 ሊትር ያህል ውሃ ቢገፋ፣ 2,250 ሊትር ከጠርዙ ተርፎ ይፈስሳል። ባለ አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ ሁለት ሞልቶ ይተርፋል። ማመጣጠኛው ታንከር ለዚህ የሚሆን ባዶ ቦታ ከሌለው፣ የተጣራውና መድኃኒት የገባበት ውሃ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። ሠርገኞቹ ሲወጡስ? የውሃው ደረጃ በ1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ያ ደግሞ ከሚፈስሰው ስስ ውሃ ውፍረት ይበልጣል። በቃ፣ ጠርዙ ይታያል፤ ምትሃቱ ይከሽፋል፤ ፓምፑ እስኪሞላው ድረስ የቆመው የግድግዳ ጫፍ ነው። ቆጥቦ የተሠራ ታንከር የሚያሳፍረው ልክ ፎቶ ሲነሳ ነው።

ውሃ በሌላ መንገድም ይሄዳል። ደረቅና ነፋሻ በሆነ ቀን ከገንዳ ገጽ 5 ሚሊ ሜትር መትነኑ ብርቅ አይደለም። 200 ሜትር ካሬ ላይ ይህ አንድ ሮቶ ነው፤ በየቀኑ። ከዚህም የሚከብደው ሙቀቱ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 2.45 ሜጋ ጁል ገደማ ይዞ ይሄዳል። ሺህ ሊትር ሲሆን 680 ኪሎዋት ሰዓት። በምጣድ ልተርጉመው፦ 3.5 ኪሎዋት የሚፈጅ የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ ካላችሁ፣ ስምንት ምጣዶች ቀንና ሌሊት ሳይጠፉ ሲበሩ የሚያወጡት ያህል ሙቀት ነው ከገንዳው የሚያመልጠው። ከፊሉን ፀሐይ ትተካዋለች፤ የቀረውን ግን ወይ ማሞቂያ ይተካል፣ ወይ ገንዳው በርዶ ማንም የማይገባበት ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊቷ ይበርዳል። ጠርዝ አልባ ገንዳ ደግሞ ከሐይቁ ለሚመጣው ነፋስ ራሱን ከፍቶ የሚሰጥ፣ ግድግዳው ላይ ሳይቀር ስስ ውሃ ዘርግቶ የሚያስተንን ንድፍ ነው። ትነትን ለማሳደግ ሆን ብለን ብናስብ ከዚህ የተሻለ አናገኝም ነበር።

ስለ ክሎሪኑም ቦታው ራሱ የሚለው አለው። ክሎሪን ጀርምን በደንብ የሚገድለው ውሃው በጣም አልካሊ ካልሆነ ነው። ፒኤች 7.5 ላይ ግማሽ ያህሉ ኃይለኛ በሆነው መልኩ ይገኛል፤ 8.5 ላይ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ቦታ ባይካርቦኔት የበዛበት ስለሆነ ፒኤቹን ወደ ላይ ይጎትተዋል። ፀሐዩም አለ፦ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ክሎሪንን የሚያፈርሰውም እሱ ነው። ከውጭ የመጣ የአጠቃቀም መመሪያ እንዳለ ቢገለበጥ ውሃው ንጹሕ መስሎ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። አፍንጫን የሚወጋውን ሽታ «ክሎሪን በዝቷል» ብላችሁ አትተርጉሙት፤ ብዙውን ጊዜ ክሎሪን ከላብና (ይቅርታ) ከሽንት ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ክሎራሚን ነው። ስለዚህ ገላ መታጠቢያው ገንዳው መግቢያ ላይ፣ ሳይነኩት ማለፍ በማይቻልበት ቦታ መሆን አለበት። ብዙ ንድፍ ላይ ከመልበሻ ክፍሉ ጓዳ ተደብቆ ነው የሚገኘው።

ትልቅነትስ? ቺሊ ውስጥ አልጋሮቦ በሚባል የባሕር ዳር ከተማ ሳን አልፎንሶ ዴል ማር የተባለ ሪዞርት አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው ገንዳው 1,013 ሜትር ይረዝማል፣ 8 ሄክታር ይሸፍናል፣ 250 ሚሊዮን ሊትር የባሕር ውሃ ይይዛል። ውቅያኖሱ አጠገቡ ነው! በመጀመሪያ ሲያዩት ዕብደት ይመስላል፤ ግን እዚያ ያለው ባሕር በቀዝቃዛው የሁምቦልት ጅረት የተነሳ ያንቀጠቅጣል፤ ገንዳ መፈለጋቸው አይፈረድባቸውም። ስለዚህ ገንዳ ኢንተርኔት ላይ «ጥልቀቱ 35 ሜትር ይደርሳል» ሲባል ልታነቡ ትችላላችሁ። ካልኩሌተር አውጡ። 250,000 ሜትር ኩብን ለ80,000 ሜትር ካሬ አካፍሉ፤ አማካይ ጥልቀቱ 3 ሜትር ገደማ ነው። ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ የሚያሰጥም ጉድጓድ ለልጆች ጀልባ መጫወቻ ውስጥ የሚቆፍር ሰው የለም። ማጣሪያው ላይም እንዲሁ አስሉ። በተለመደው ገንዳ ውሃው ሁሉ በየስድስት ሰዓቱ ገደማ ተጣርቶ ይመለሳል። እዚህ ያን እናድርግ ቢባል በሰከንድ 11.6 ሜትር ኩብ መግፋት ያስፈልጋል፤ ይህ ወንዝ ነው እንጂ ቧንቧ አይደለም። ለዚህ ነው የገንዳው ፈጣሪ ፈርናንዶ ፊሽማን ሌላ ዘዴ ያፈላለገው፤ ኩባንያው ከተለመደው ገንዳ እስከ 100 እጥፍ ያነሰ ኬሚካል እንጠቀማለን ይላል። ብልኃቱን አደንቃለሁ። አንድ ነገር ግን አይዋጥልኝም፦ ጀርም አማካይ አያውቅም። 250 ሚሊዮን ሊትሩ በአማካይ ንጹሕ ቢሆን እንኳ፣ ተቅማጥ የያዘው ልጅ አጠገብ ያለው አንድ ሜትር ኩብ ነው እናንተን የሚያገኛችሁ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው የተቅማጥ ተውሳክ እኮ በደንብ ክሎሪን በተደረገበት ገንዳ ውስጥ እንኳ ከሳምንት በላይ መቆየት ይችላል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ የምንቀዳው ካጣን ከሲንጋፖር በፊት ሶደሬ ነበረልን። ከአዳማ ወጣ ብሎ በአዋሽ ወንዝ ዳር፣ ፍልውሃ ከመሬት የሚወጣበት ቦታ ላይ ገንዳ ተሠራ። ወንዶ ገነትም እንዲሁ። ስምንቱን ምጣድ መሬት ራሷ ታበራለች ማለት ነው። እነዚህን ቦታዎች ያረጁ አድርጎ ማየት የተለመደ ነው፤ የንድፉ ሐሳብ ግን አላረጀም። ገንዳውን መልክዓ ምድሩ ውሃና ሙቀት በሚሰጥበት ቦታ አስቀመጠው እንጂ እይታ በሚያምርበት ቦታ አስቀምጦ ውሃውንና ሙቀቱን በፓምፕ አላሳደደም። (ፍልውሃ ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው አይባልም፤ ሞቃት ጨዋማ ያልሆነ ውሃ የሚወዱ አደገኛ አሜባዎች አሉ፣ ክትትልና ክሎሪን ለእሱም ያስፈልጉታል።)

እንግዲህ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር አዲስ ገንዳ ሊሠራ ነው ብለን እናስብ፤ ፍልውሃ የለም። ለሐይቁ ቅርበት ስላለ ጠርዝ አልባ ይሁን ከተባለም አልጣላም፤ ግን ጠርዙ ሲሶውን ርዝመት ብቻ ይያዝ፤ በተቀረው የምዕራብ ዳር መራመጃና የጠባቂ ወንበር ይኑር። የሰው ሁሉ ገንዳ ከዳር እስከ ዳር 1.20፣ የልጆቹ ለብቻ ከ50 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ የዋናተኞቹ ጠበብና ረዘም ብሎ በግድግዳ ማዶ። ወለሉ ፈዛዛ፣ የማያንሸራትት። ማመጣጠኛው ታንከር ሠርግ ታስቦ የተለካ። ማታ የጠርዙ ፓምፕ ይጥፋ፣ ውሃው ከጠርዙ በታች ይውረድ፣ በተንሳፋፊ መሸፈኛ ይሸፈን፤ ትነቱ በአብዛኛው እዚያው ይቆማል። ባለሀብቱ ሥዕሉን ሲያሳያችሁ ሴክሽኑን፣ ማለትም ገንዳው ከጎን ተቆርጦ ሲታይ የሚያሳየውን ሥዕል ጠይቁት፤ ከአድማሱ ይልቅ ወለሉ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ማየት የሚፈልግ እንግዳ ደግሞ ከገንዳው ጀርባ በረንዳ ይሠራለት፤ ቡናውን ይዞ፣ በደረቅ እግሩ ቆሞ ይያት።